ካውንቲው የሚጠይቀው «ማን ሸነሸነው?» ብሎ ነው፦ በቴክሳስ ድንበር መሬት ስለመግዛት ለተሰጠ ምክር የተጻፈ ምላሽ

በቴክሳስ ደቡብ ድንበር፣ ከብራውንስቪል እስከ ኤል ፓሶ በተዘረጋው መስመር፣ ከከተማ ክልል ውጭ ርካሽ መሬት ለመግዛት ለሚያስቡ ወገኖች በአማርኛ የተጻፈ አንድ የምክር ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አይተናል። የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ካውንቲው መሬቱን «የመኖሪያ ዞን» ብሎ መመደቡን አረጋግጡ፤ ዞኒንግ (መሬቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚወስን ደንብ) ከሌለው ደግሞ እሰየው፣ የፈለጋችሁትን ሥሩበት፤ ቀያሽ ወሰኑን ለክቶ ከሰጣችሁ ፕላት (ጸድቆ በመዝገብ የገባ የሽንሸና ካርታ) አያስፈልግም፤ ውሃና መብራት ከገዛችሁ በኋላ ይደርሳል፤ ለከተማ ቅርብ የሆነውን ከተማው ዞን ያደርገዋል። መጨረሻው ላይም፣ ኮሎኒያ የሚባሉት ውሃና ፍሳሽ የሌላቸው የድንበር ሰፈሮች የበዙት ለካውንቲዎች የዞኒንግ ሥልጣን ስላልተሰጠ ብቻ ነው ይላል።

ጸሐፊው የጻፉት ሰው እንዳይታለል ብለው እንደሆነ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ስለ ጎርፍ ካርታና ስለ ታይትል ካምፓኒ (የባለቤትነት ሰነድ የሚያጣራ ድርጅት) የሰጡትም ምክር ትክክል ስለሆነ አንነካውም። የቀረው ግን አንባቢው የተሳሳተውን ጥያቄ ለተሳሳተው መሥሪያ ቤት እንዲያቀርብ የሚያደርግ ነው። በዚህ አካባቢ የተሳሳተ ጥያቄ ማለት ደግሞ ሰው ዓመታት ከፍሎ የጨረሰው መሬት ላይ የውሃ ቆጣሪ ማስገባት ሳይችል መቅረት ማለት ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን በተራ እናንሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ካውንቲው የመኖሪያ ዞን መሆኑን ይጻፍላችሁ»

እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። አዲስ አበባ ላይ ቤት የገዛ ሰው ካርታው ላይ የቦታው አገልግሎት «መኖሪያ» ወይም «ንግድ» ተብሎ ተጽፎ ማየት ለምዷል። ያንን ልማድ ይዞ ኤዲንበርግ ወደሚገኘው የሂዳልጎ ካውንቲ መሥሪያ ቤት ቢሄድ የሚያገኘው መልስ «እኛ ዞኒንግ የለንም» የሚል ነው። ቸልተኞች ሆነው አይደለም፤ ሕጉ ስለማይፈቅድላቸው ነው።

በቴክሳስ ከ5,000 ሕዝብ በላይ ያለው ከተማ የራሱን ቻርተር አጽድቆ ሕግ ያልከለከለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል። ካውንቲ ግን የግዛቱ ቅርንጫፍ ነው። ሕገ መንግሥቱ ወይም የግዛቱ ምክር ቤት በግልጽ ያልሰጠውን ሥልጣን አይዝም፤ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካናሌስና ላፍሊን በተከራከሩበት ጉዳይ በ1948 ይህንኑ አጽንቷል። ካውንቲውን የሚመራው «ኮሚሽነርስ ኮርት» ስሙ ፍርድ ቤት ቢመስልም፣ አንድ የካውንቲ ዳኛና አራት ኮሚሽነሮች የሚቀመጡበት የአስተዳደር ጉባኤ ነው። ይህ ጉባኤ ስለ መሬት ሽንሸና ደንብ እንዲያወጣ የሚፈቅደው የአካባቢ መንግሥታት ሕግ፣ አንቀጽ 232.101፣ በዚያው አንቀጽ መልሶ ይከለክለዋል። ሌላ ሕግ ካልፈቀደለት በቀር ሕንፃው ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ ቁመቱንና ግዝፈቱን፣ በአንድ ቦታ ላይ ስንት ሕንፃ እንደሚቆም፣ የሕንፃውን ስፋት፣ በአንድ ኤከር ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር መወሰን አይችልም። እነዚህ ከተነሱ በኋላ ዞኒንግ ከሚባለው ነገር የሚቀር የለም።

ጥቂት የተለዩ ቦታዎች አሉ። የዚሁ ሕግ ምዕራፍ 231 ለአንዳንድ ካውንቲዎች በተወሰነ ስፍራ ብቻ የዞኒንግ ሥልጣን ይሰጣል፤ ከድንበሩ ጋር የሚነካኩት የፓድሬ ደሴት፣ የአሚስታድ ሐይቅ ዙሪያ፣ የፋልኮን ሐይቅ ዙሪያና በኤል ፓሶ የሚሽን ትሬል ታሪካዊ አካባቢ ናቸው። መሬቱ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ካልሆነ ስለ ካውንቲ ዞን ማውራት አያስፈልግም።

ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ገዢው በምክሩ መሠረት ይጠይቃል፤ ካውንቲው «በዚህ አካባቢ ዞኒንግ የለም» የሚል ደብዳቤ ይሰጠዋል። ሻጩ ይህን ደብዳቤ ለሚቀጥሉት ገዢዎች «ካውንቲው ምንም ተቃውሞ እንደሌለው ጽፎልኛል» እያለ ያሳያል። ደብዳቤው ግን ስለ መሬቱ አንድም የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለ ካውንቲው ሥልጣን ብቻ ነው የሚናገረው።

«ዞኒንግ ከሌለ የፈለጋችሁትን ሥሩ»

ከሁሉ የከፋው ምክር ይህ ነው። ካውንቲው ቤቱን ምን እንደምታደርጉበት አይጠይቅም፤ መሬቱ ሲቆረስ፣ ሲሸጥና ከውሃ መስመር ጋር ሲገናኝ ግን እጁ ረጅም ነው። ድንበሩ ላይ ደግሞ ከቀሪው ቴክሳስ ይበልጥ ይረዝማል። ከዓለም አቀፉ ወሰን በ50 ማይል ውስጥ ላሉ ካውንቲዎች የተለየ ክፍል አለ፦ የምዕራፍ 232 ንዑስ ምዕራፍ «ቢ»፣ በ1995 የወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1989 ምክር ቤቱ የቴክሳስ የውሃ ልማት ቦርድ ሞዴል የሽንሸና ደንብ እንዲያወጣ አዝዞ ነበር። ለድሃ ሰፈሮች ውሃና ፍሳሽ ከግዛቱ ገንዘብ ማግኘት የሚፈልግ ካውንቲ ይህን ደንብ ተቀብሎ ማስፈጸም አለበት።

ሞዴል ደንቡ ውስጥ ብዙ ገዢ የማያውቃቸው መስመሮች አሉ። በአንድ ሎት (ከተሸነሸነ መሬት የተቆረሰ አንድ ቦታ) ላይ ከአንድ ባለ አንድ ቤተሰብ ራሱን የቻለ ቤት በላይ መቆም አይችልም። «ለእናቴ ከጓሮ አንድ ክፍል እሠራለሁ፣ ለወንድሜ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ቤት አስቀምጣለሁ» ብሎ አንድ ሎት የገዛ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ካውንቲ በኤከር የቤት ቁጥር መወሰን አይችልም አላልንም ወይ? ብለናል፤ «ሌላ ሕግ ካልፈቀደለት» የምትለው ሐረግ ግን ለዚህ በር ትከፍታለች። ከዞኒንግ ጋር እጅግ የሚቀራረበው የድንበር ካውንቲ ሥልጣን ይኸው ነው፤ የሚገኘውም በፕላቱ ማስታወሻዎች ውስጥ ነው። በተጨማሪም የእሳት ደንብ ባልጸደቀበትና ለእሳት ማጥፊያ የሚበቃ የውሃ መስመር በሌለበት አካባቢ ቤቱ ከመንገድ ቢያንስ 10 ጫማ፣ ከጎረቤት ወሰን ቢያንስ 5 ጫማ መራቅ አለበት።

ፍሳሹ ከዚህ ይከብዳል። የፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ቦታ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሴፕቲክ (ፍሳሹን በግቢው ውስጥ ተቀብሎ የሚያስወግድ ታንክና መስክ) ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቱ የአካባቢ ጥራት ኮሚሽን ወይም እሱ የወከለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ካውንቲው፣ ነው። በአዲስ ሽንሸና ላይ መነሻው፣ የሕዝብ ውሃ ካለ በቤት ግማሽ ኤከር፣ ውሃው ከራስ ጉድጓድ ከሆነ 1 ኤከር ነው። የራሱ ጉድጓድ ላለው ቤት ግማሽ ኤከር የማይበቃበትን ምክንያት በቁጥር ማየት ይቻላል። ግማሽ ኤከር ማለት ለምሳሌ 100 በ218 ጫማ የሆነ ቦታ ነው። የሴፕቲክ ታንክ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ 50 ጫማ፣ ፍሳሹ ወደ አፈር የሚሰርግበት መስክ ደግሞ 100 ጫማ መራቅ አለበት። ጉድጓዱን ከኋላ ወሰን 10 ጫማ ላይ ብትቆፍሩ መስኩ ከ110 ጫማ በፊት መጀመር አይችልም። የቀረው 108 ጫማ ርዝመት ቤቱን፣ መግቢያውንና መስኩን መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ የራስን ጉድጓድ ብቻ ስታስቡ ነው። ቦታው 100 ጫማ ብቻ ሰፊ ስለሆነ በቀኝና በግራ ያሉት ጎረቤቶች የሚቆፍሩት ጉድጓድም ክብ እየሠራ ወደ እናንተ ይገባል። ከእነሱ አንዱ ቀድሞ ከቆፈረ እናንተ መስክ የምታስቀምጡበት ታጣላችሁ። አሁን ሻጮች «ለአንድ ቤት በቂ ነው» የሚሉትን 60 በ100 ጫማ አስቡት፤ 6,000 ስኩዌር ጫማ፣ ከአንድ ኤከር ሰባት የሚወጣበት። በዚህ ላይ ሕጋዊ ሴፕቲክ የሚያስገባ ሂሳብ የለም።

አፈሩም ይመረመራል። ምርመራው መስኩ በሚተኛበት ቦታ በሁለቱ ጫፎች ቢያንስ ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሮ የሚታይ ነው። በታችኛው የሪዮ ግራንዴ ሸለቆ ብዙ ቦታ አፈሩ ሸክላማ፣ መሬቱም ለጥ ያለ ነው፤ ተራው መስክ ፍሳሹን አይመጥም። ያን ጊዜ አየር እየነፋ የሚያጣራ፣ በመርጫ የሚረጭ ሥርዓት ይታዘዛል። እሱ ኤሌክትሪክና የጥገና ውል የሚፈልግ፣ ከተራው በብዙ የሚበልጥ ወጪ ነው። የመሬቱ ዋጋ ርካሽ መስሎ የታየው ይህ ሂሳብ ሳይገባ ነው። ከመግዛት በፊት ፈቃድ ካለው የአፈር መርማሪ ጋር ቦታውን ማየት ይቻላል፤ ሻጩ ቁፋሮውን ከከለከለ ግን ጉዳዩን እዚያው ላይ ተዉት።

ጎርፍን በተመለከተ ጸሐፊው በደንብ ስለገለጹት የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በድንበር ካውንቲ «የግንባታ ፈቃድ» የሚባለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ውስጡ የጎርፍና የሴፕቲክ ማጣሪያ ነው። የቤቱን ጥራት የሚመለከተው የ2009 ሕግ ነው፤ ካውንቲው በውሳኔ ከተቀበለው አዲስ ቤት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይፈተሻል፦ የመሠረቱ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊትና ሲያልቅ። ያው ሕግ ግን ለካውንቲው ዞኒንግ አይሰጥም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ከዚህም በላይ ዲድ ሬስትሪክሽን አለ። ሂውስተን የሚኖሩ አንባቢዎች ይህን ያውቁታል፤ ከተማቸው ዞኒንግ የሌለው ቢሆንም ሰፈሩ በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ባሰፈረው ገደብ ንግድ ሲከለከል አይተዋል። ድንበር ላይም ገደቡ በመዝገብ ካለ ይይዛችኋል።

«ቀያሽ ለክቶ ከሰጣችሁ ፕላት አያስፈልግም»

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በቀረው ቴክሳስ ላይ የሚሠራው የሽንሸና ሕግ ቀደም ሲል ፕላት የሚያስገድደው ባለመሬቱ መንገድ ሲዘረጋ ነው ተብሎ ይተረጎም ነበር። ኦስቲን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1995 በኤልጂን ባንክና በትራቪስ ካውንቲ ክርክር ለባለመሬቱ የፈረደው በዚህ መንገድ ነው። ያ ሕግ በኋላ ተሻሽሏል። ወሬው ግን ሳይሻሻል ቀረ፤ ያውም ፈጽሞ ወደማይሠራበት ወደ ድንበሩ ወረደ።

በ50 ማይሉ ውስጥ ያለው ሕግ በተቃራኒው ነው። መሬቱ ለመኖሪያ ታስቦ ከሁለት በላይ ወይም ሁለት ቦታ ከተከፈለ፣ ከሎቶቹም አንዱ እንኳ 5 ኤከር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፕላት ግዴታ ነው። ክፍፍሉ በቀያሽ የወሰን መግለጫ ብቻ ቢደረግም፣ በቃል ውል ቢሆንም፣ በኮንትራክት ፎር ዲድ (ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ ሰነዱ ለገዢው የማይሰጥበት የክፍያ ውል) ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ ሕጉ እነዚህን መንገዶች ስማቸውን እየጠራ ነው የዘጋቸው። የዘጋበትም ምክንያት አለው። ኮሎኒያዎች የተሸጡት በእነዚሁ መንገዶች ነበር። ሻጩ ማሳውን በወረቀት ላይ ይቆራርጣል፤ በመዝገብ ቤት ምንም አያስገባም፤ ገዢው በየወሩ ይከፍላል፤ ሰነዱ መጨረሻው ወር ላይ ብቻ ይሰጠዋል። አንድ ወር ካጎደለ ሁሉን ያጣል። ከ1995 ወዲህ ለኮንትራክት ፎር ዲድ ገዢዎች ጥበቃ ወጥቷል፤ ከዋጋው 40 በመቶ ወይም 48 ወርሃዊ ክፍያ የከፈለ ገዢ ዝም ብሎ አይባረርም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ውሉ በካውንቲ መዝገብ ሲገባ ባለቤትነቱ ራሱ ወደ ገዢው ይተላለፋል።

ሁሉም ሎቶች ከ10 ኤከር በላይ ሲሆኑ ይህ ክፍል አይመለከታቸውም። የ5 ኤከሩ መስመርም የራሱን ብልሃት ወልዷል፤ ከ5 ኤከር ትንሽ አለፍ ያለ ቦታ ለሽያጭ ሲቀርብ ስታዩ የሻጩን ስሌት ገምቱ። ችግሩ የሚፈጠረው ኋላ ነው። ገዢው ያንን 5 ኤከር አብረውት ገንዘብ ላዋጡ ዘመዶቹ ሲያካፍል ሸንሻኙ እሱ ራሱ ይሆናል፤ ቀያሽ፣ መሐንዲስ፣ ውሃና ፍሳሽ ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ ይወድቃሉ። ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተው መሬት መግዛት ስለሚወዱ ይህን ነጥብ ጠበቅ አድርገን እናነሳዋለን፦ አንድ ላይ ገዝቶ በኋላ መከፋፈል በዚህ ቀበቶ ውስጥ አዲስ ሽንሸና ነው።

እውነተኛ ፕላት ምን እንደሚይዝ ማወቅ ሐሰተኛውን ለመለየት ይረዳል። የቀያሽ ወይም የመሐንዲስ ማረጋገጫ አለው፤ እያንዳንዱ ሎት ቁጥርና ልኬት አለው፤ የጎርፍ ቀጠናና የዝናብ ውሃ መውረጃ ይታይበታል። የውሃና የፍሳሽ መስመሩ፣ መንገዱ፣ እንዲሁም አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ የሚጀምርበት ቀን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ተጽፎ ይያያዛል። ያላለቀ ሥራ ካለ ሸንሻኙ ቦንድ ወይም ሌላ የገንዘብ ዋስትና ያስይዛል። ከሁሉም በላይ የኮሚሽነርስ ኮርት ማጽደቂያና የካውንቲ ክለርክ (የካውንቲው መዝገብ ያዥ) የመዝገብ ቁጥር አለበት። ቀለም የተቀባ የሎት ስዕል፣ «ሰቨን ኤከርስ ፌዝ ሁለት» ዓይነት ስም ተጽፎበት በሻጩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ፕላት አይደለም።

አንድ ሌላ ወጥመድ ደግሞ የግብር ቁጥር ነው። የአፕሬዛል ዲስትሪክት (ለግብር የመሬት ዋጋ የሚገምት መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ ሎቱ የራሱ መለያ ቁጥርና የግብር ሂሳብ ስላለው ብዙ ሰው ሕጋዊ ይመስለዋል። ያ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ለግብር ነው፤ ያለ ፕላት የተቆረሰንም ቦታ ለይቶ ይመዘግበዋል። ለ20 ዓመት ግብር መክፈል ፕላት አይወልድም። የሚበጀው የመሬቱን ሕጋዊ መግለጫ ማንበብ ነው። «ሎት 12፣ ብሎክ 3» እያለ የሽንሸናውን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን የሚጠራ ከሆነ ወደ ክለርኩ ሄዶ ያንን ፕላት ማውጣት ነው። «ከፖርሲዮን ይህን ያህል ላይ የተወሰደ ግማሽ ኤከር» የሚል ከሆነ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፖርሲዮን ከስፔን ዘመን የመጣ፣ ከወንዙ ዳር ወደ ውስጥ እየተጎተተ የሚሄድ ረጅም የመሬት ድርሻ ነው፤ ከእሱ ላይ የተቆረጠ ትንሽ ቁራሽ ያለ ፕላት የተሸጠ ሊሆን ይችላል።

«ውሃና መብራት በኋላ ይደርሳል»

ድንበሩ ላይ የካውንቲው ሥልጣን ጥርስ ያወጣው በዚህ በኩል ነው። አንቀጽ 232.029 የሚናገረው ለባለመሬቱ ሳይሆን ለአገልግሎት ሰጪው ነው። የውሃ ወይም የፍሳሽ ድርጅት፣ ፕላቱ ታይቶ መጽደቁን ከኮሚሽነርስ ኮርት ማረጋገጫ ሳያገኝ የተሸነሸነን መሬት ማገናኘት አይችልም። የመብራትና የጋዝ ድርጅት ደግሞ በቂ ውሃና ፍሳሽ መግባቱ ተረጋግጦ እስኪሰጠው ድረስ መስመር አይዘረጋም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ፕላት፣ ከዚያ ውሃና ፍሳሽ፣ ከዚያ መብራት ነው። ጸሐፊው እንዳሉት መብራቱን አስቀድሞ ማስገባትና ውሃውን በታንከር እያመላለሱ መቆየት በሕጉ ቦታ የለውም። ቀድሞ ለተሸጡና ቤት ለተሠራባቸው ቦታዎች የተተወ የተወሰነ ልዩ ሁኔታ አለ፤ መስፈርቱ ግን ጠባብ ነው፣ የ1990ዎቹን ቀኖች የሚያሳይ ማስረጃም ይጠይቃል።

ይህ አሠራር ገዢውን የሚቀጣ ይመስላል፤ በእርግጥም አንዳንዴ ይቀጣዋል። ነገር ግን ለገዢው እጅግ ጠቃሚ የሆነ መሣሪያ አብሮ መጥቷል፤ በጽሑፉ ውስጥ አለመጠቀሱ ቆጭቶናል። አንቀጽ 232.028 ለሸንሻኙ ብቻ ሳይሆን ለሎቱ ባለቤት፣ ለነዋሪውና ለአገልግሎት ድርጅቱም ኮሚሽነርስ ኮርቱን በጽሑፍ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፦ ለዚህ መሬት ፕላት ያስፈልገዋል ወይ? ጸድቋል ወይ? ውሃና ፍሳሹስ በደንቡ መሠረት ገብቷል ወይ? ገና ያልገዛ ሰው ባለቤት ስላልሆነ ጥያቄውን ሻጩ እንዲያቀርብ በውሉ ላይ ያስቀምጥ፤ መልሱ ሳይመጣ ገንዘቡ አይለቀቅ። «የመኖሪያ ዞን» የሚለውን ወረቀት ፍለጋ ያጠፋችሁትን ጊዜ በዚህ ተኩት። ለማመልከቻው መሬቱ በትክክል መለየት አለበት፤ የሰነዱ ኮፒ፣ የቀያሹ ሥራና የግብር መለያ ቁጥሩ አብረው ይሂዱ።

ከውሃ ድርጅቱም «መስመር በመንገዱ ላይ አለ» የሚል የቃል መልስ አይበቃም። መሬቱ በማን የአገልግሎት ክልል ውስጥ እንደሆነ፣ ለዚያ ሎት ቆጣሪ ለመስጠት አቅም እንዳለውና ወጪው ስንት እንደሆነ በደብዳቤ ይጻፍ። ሞዴል ደንቡ ሸንሻኙ የ30 ዓመት የውሃ አቅርቦት እንዲያሳይ የሚጠይቀው ዛሬ የሚወርድ ውሃ ነገ ስለማይወርድ ነው።

«ለከተማ ቅርብ ከሆነ ከተማው ዞን ያደርገዋል»

አያደርገውም። ከተማ ከወሰኑ ውጭ ኢቲጄ የሚባል የሥልጣን ቀለበት አለው፤ እንደ ሕዝቡ ብዛት ከግማሽ ማይል እስከ 5 ማይል ይሰፋል። በዚያ ቀለበት ውስጥ የሽንሸና ደንቡን ያስከብራል እንጂ የሕንፃ አገልግሎትን፣ ቁመትንና የቤት ብዛትን መወሰን ሕጉ ይከለክለዋል። በተግባር የሚያስፈልጋችሁ ፕላቱን የሚያጸድቀው ከተማው፣ ካውንቲው ወይስ ሁለቱም መሆናቸውን መጠየቅ ነው፤ በመካከላቸው ስምምነት ሊኖር ይችላል። ከመስከረም 2023 ጀምሮ ባለመሬት በአቤቱታ ከቀለበቱ መውጣት ስለሚችል፣ የቆየ ካርታ አይታችሁ አትመኑ።

«ኮሎኒያ የበዛው ዞኒንግ ስለሌለ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እንስማማለን። ካውንቲው የመሬት አጠቃቀም ሥልጣን ስለሌለው የብረት ቁርጥራጭ ማከማቻ ወይም የኮንክሪት ማደባለቂያ ከመኖሪያ ቤቶች አጠገብ ሲቆም በአገልግሎቱ ምክንያት ሊያስቆመው አይችልም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ የሚጎዳውም ሌላ ቦታ መሄድ የማይችለውን ነው።

«ብቻ» የሚለው ግን አይቆምም። በስተ ምዕራብ ያለችው ኒው ሜክሲኮ ለካውንቲዎቿ የዞኒንግ ሥልጣን ሰጥታለች፤ ዶኛ አና ካውንቲ ግን በኮሎኒያ የተሞላ ነው። ምክንያቱ በዚያ ግዛት የሽንሸና ሕግ ውስጥ የነበረው ቀዳዳ ነው፦ መሬትን እስከ አራት ቦታ መቁረስ «ሽንሸና» አይባልም ነበር። አንዱ አራት ቦታ ይቆርሳል፤ የገዛው እንደገና አራት ይቆርሳል፤ ማንም ሳያጸድቀው ሰፈር ይሆናል። ግዛቲቱ ይህን ያጠበበችው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ቀዳዳው የነበረው በመሬቱ አጠቃቀም ሳይሆን በመቁረሱ ላይ ነበር ማለት ነው።

አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ኮሎኒያን ከጨረቃ ቤት ጋር ሊያመሳስል ይችላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጨረቃ ቤት የሚባለው ነዋሪው በማይፈቀድለት ቦታ ላይ በሌሊት ያቆመው ነው። የኮሎኒያ ነዋሪ ግን መሬቱን በገንዘቡ ገዝቷል፤ ከደንብ ውጭ የሆነው ውሃና ፍሳሽ ሳያስገባ ሸንሽኖ የሸጠው ነው። መፍትሔውን ከነዋሪው የቤት አጠቃቀም ከጀመርን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ዘንግተናል። በቴክሳስ 2,294 ያህል ኮሎኒያዎች ተቆጥረዋል፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባቸዋል፤ ከ900 በላይ የሚሆኑት በሂዳልጎ ካውንቲ ብቻ ናቸው። ከ2005 ወዲህ ግዛቱ እንደ ውሃቸው፣ ፍሳሻቸውና መንገዳቸው ሁኔታ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መድቧቸዋል። ቀዩን ወደ ቢጫ፣ ቢጫውን ወደ አረንጓዴ የሚያሻግረው ቧንቧ ነው። ለዚህ የሚውለው ፕሮግራም የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ በሚያጸድቀው ቦንድ ነው፤ በ2007 250 ሚሊዮን፣ በ2019 ደግሞ 200 ሚሊዮን ዶላር ተፈቅዷል። ዞኒንግ ይህን ቧንቧ አይቀብርም። እንዲያውም የሎት ስፋት ብቻ ከፍ አድርጎ ርካሽና ሕጋዊ ሎት ካላቀረበ፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነውን ቤተሰብ ወደሚቀጥለው ያልተመዘገበ ሸንሻኝ ይገፋዋል።

ስለዚህ ሥልጣን ይጨመር ከተባለ ቅደም ተከተሉ ሊታሰብበት ይገባል። አሁን ያለው የሽንሸና ሕግ ጥርስ አለው፤ የሚጎድለው ማሳው መሐል አዲስ ካስማ ሲተከል ሄዶ የሚያይ ተቆጣጣሪ፣ ክስ የሚከፍት የካውንቲ ዐቃቤ ሕግና ለቧንቧው ገንዘብ ነው።

አስቀድመው የገዙ

ጽሑፉ ለእነዚህ ምንም አላለም። ብዙዎች ምክሩ የደረሳቸው ከከፈሉ በኋላ ስለሆነ እኛ እንጨምርበት። ፕላት በሌለው ሽንሸና ሎት የሸጠ ሰው ለእያንዳንዱ ላስተላለፈው ሎት ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር የፍትሐ ብሔር ቅጣት ሊጣልበት ይችላል። የካውንቲው ወይም የወረዳው ዐቃቤ ሕግ፣ አልያም የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሽያጩን ማስቆምና ሸንሻኙን ፕላት እንዲያወጣ ማስገደድ ይችላል። ገዢው ራሱም በአንቀጽ 232.038 ክስ መሥርቶ ሽያጩ ፈራሽ እንዲባል፣ የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት፣ በቦታው ላይ ያቆመው ቋሚ ግንባታ የገበያ ዋጋና የጠበቃ ወጪ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል።

መጀመሪያ የሚደረገው ውሉን በካውንቲ ክለርክ ማስመዝገብ ነው፤ ሻጩ መሬቱን ለሌላ ከመሸጡ ወይም በባንክ ከማስያዙ በፊት። ቀጥሎ የ232.028ን ጥያቄ በጽሑፍ ማስገባት ነው፤ መልሱ በክስም በድርድርም ዋናው ማስረጃ ይሆናል። የከፈላችሁባቸውን ደረሰኞች፣ ሻጩ ያሳያችሁን የሎት ስዕል፣ «ውሃ ይገባል» ብሎ የላከውን መልእክት ሁሉ ከነቀኑ አስቀምጡ። ጎረቤቶቻችሁ ከዚያው ሻጭ ከገዙ አብራችሁ ሂዱ፤ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ሎት ካለው ፋይል ይልቅ ሠላሳ ሎት ያለውን አስቀድሞ ያነሳል። በጣም የቆየ ሎት ከሆነ ደግሞ ኮሚሽነርስ ኮርቱ በመንገድ፣ በፊት ለፊት ስፋትና በወሰን ርቀት ላይ ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ የሚችልበት ድንጋጌ አለ፤ ማመልከቻው ወደ ካውንቲው የፕላን መምሪያ ይገባል። ይህ እስኪጠራ ድረስ ቤት መጀመር፣ ሴፕቲክ መቅበር ወይም ከቦታው ላይ ቁራሽ ለዘመድ መሸጥ አይገባም።